ኤችዲ ቲቪ መርጦ ቤት ውስጥ በትክክል ለመግጠም፦ ከሶፋው ልኬት እስከ ሪሲቨሩ ሴቲንግ

ለፋሲካ ዋዜማ አክስቴ ደወለችልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ቲቪ ሳልሸወድ አልቀረሁም። ከድሮው በምን ይሻላል?» አለችኝ። የገዛችው 55 ኢንች፣ 4ኬ የሚባለው በጣም ጥርት ያለ ዓይነት ነው። ሄጄ ከኋላው ሳይ ከሪሲቨሩ የመጣው ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ነው የተሰካው። ጥርት ያለ ምስልና ድምፅ አብሮ የሚያሳልፈው የኤችዲኤምአይ ገመድ ከነላስቲኩ የሪሲቨሩ ካርቶን ውስጥ ተኝቷል። ገመዱን ቀየርኩ፤ ሪሲቨሩ ውስጥ አንድ ሴቲንግ ነካሁ። የዜና አንባቢዋ የቀሚስ ጥለት ክር በክር ታየ። አክስቴ ወንበሯን ስባ ቀረበች።

ይህን ነገር በብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ሰው ገንዘቡን አጠራቅሞ ትልቅ ቲቪ ይገዛል፤ ከዚያ ምስሉ ደብዛዛ ይሆንበትና ቲቪውን ይረግማል። ምስል ግን ከሰማይ ተነስቶ በዲሹ፣ በኬብሉ፣ በሪሲቨሩና በገመዱ አልፎ ነው ቲቪው ላይ የሚደርሰው። በመንገዱ ላይ አንዱ ደካማ ከሆነ የምታዩት በዚያ በደካማው ልክ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ሳትዘሉ ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁን ለኩ

ሜትር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

1. ሁልጊዜ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሰው ይርዳችሁና ከዓይናችሁ እስከ ቲቪው ቦታ ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ለኩ። ከሶፋው እግር አትጀምሩ፤ ከዓይናችሁ ጀምሩ።

2. ቁጥሩን ለ4 አካፍሉት። የሚወጣው የሚስማማችሁ የኢንች መጠን ነው። 170 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 43 ኢንች ገደማ፣ 220 ከሆነ 55፣ 260 ከሆነ 65።

3. በብዛት የምታዩት ኤችዲ ያልሆኑ የዲሽ ቻናሎችን ከሆነ ለ4 ሳይሆን ለ5 አካፍሉት። ደካማ ምስል ትልቅ ስክሪን ላይ ሲዘረጋ ጉድለቱም አብሮ ያድጋል።

4. የቡፌውን ወይም የቲቪ ማስቀመጫውን ወርድ ለኩ። ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው፤ ወርዱ ሌላ ነው። የ43 ኢንች ቲቪ ወርድ 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የ55 ኢንች 122፣ የ65 ኢንች 144 ይሆናል። የብዙዎቹ ሁለት እግሮች ደግሞ ወደ ጫፍና ጫፍ የራቁ ናቸው። ቡፌው ጠባብ ከሆነ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል።

5. መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ጻፉ። ከቲቪው ፊት ለፊት መስኮት ካለ ቀን ቀን የምታዩት የመስኮቱን ነጸብራቅ ነው። ቦታውን አሁኑኑ ቀይሩ፤ ካልሆነ ወፍራም መጋረጃ አስቡ።

6. ሶኬቱና የዲሹ ኬብል ከቦታው ምን ያህል እንደሚርቁ ለኩ። አጭር ገመድ ገዝቶ መመለስ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ደረጃ 2፦ ምን ዓይነት እንደሚያስፈልጋችሁ ወስኑ

ኤችዲ ሲባል አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ተራው ኤችዲ ወደ ጎን 1280፣ ወደ ታች 720 የብርሃን ነጥብ ነው። ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080 ነው። 4ኬ ደግሞ 3840 በ2160፣ ማለትም የሙሉ ኤችዲ አራት እጥፍ ነው። ለመኝታ ቤት 32 ኢንች ከሆነ ሙሉ ኤችዲ ካገኛችሁ በቂ ነው። ከ43 ኢንች ጀምሮ 4ኬ ግዙ። ባለ 32 ኢንች ቲቪ ካርቶኑ ላይ «4ኬ» ካለ ተጠራጠሩ፤ አብዛኛዎቹ በዚህ መጠን የሚሠሩት 1366 በ768 ናቸው።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ጉዳይ ላይ እንምጣ። የእኛ ሳሎን ሶፋው በሦስት ግድግዳ ዙሪያ ነው የሚደረደረው። እንግዳ ሲመጣ ግማሹ ሰው ቲቪውን የሚያየው ከጎን ነው። ስክሪኑ ቪኤ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከፊት ለፊት ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ ከጎን ሲያዩት ግን ቀለሙ ይገረጣል። አይፒኤስ የሚባለው ከጎንም ቀለሙን ይይዛል፤ መብራት አጥፍታችሁ ፊልም ስታዩ ግን ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ቤተሰብ ለሚሰበሰብበት ሳሎን እኔ አይፒኤስ እመርጣለሁ። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ካላወቀ ራሳችሁ ፈትኑ፦ ቲቪው በርቶ እያለ ወደ ጎን ሄዳችሁ ቁሙና የሰው ፊት ቀለም መለወጡን ተመልከቱ።

ኦሌድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት ስክሪን፣ ከሁሉም የተሻለ ጥቁር አለው፤ ከጎንም ያምራል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የዜና ቻናል ከፍታችሁ የምትውሉ ከሆነ አልመክርም። ከስር የሚሮጠው ጽሑፍና ጥግ ላይ የማይንቀሳቀሰው ሎጎ ከጊዜ በኋላ ስክሪኑ ላይ ጥላ ሊተው ይችላል። «ኪውሌድ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ኦሌድ እንዳይመስላችሁ። ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ሥራው ከጀርባው መብራት የሚበራው የኤልሲዲ ነው።

ከኋላው ምን መኖር አለበት? ቢያንስ ሦስት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ፤ አንዱ «ኤአርሲ» (ድምፁን ወደ ውጭ ስፒከር የሚልክ) የሚል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ወደፊት ስፒከር ስትጨምሩ ይጠቅማችኋል። «ኤልኤንቢ ኢን» ወይም «ሳተላይት» የሚል የዲሽ መቀበያ ካለው የዲሹን ኬብል በቀጥታ ሰክታችሁ ነፃ ቻናሎችን ያለ ሪሲቨር ታያላችሁ። አንድ ሪሞት፣ አንድ ሶኬት ቀነሳችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ሱቅ ውስጥ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

መርካቶም ሂዱ ቦሌ፣ ይህን ሳታደርጉ አትክፈሉ። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

1. የምትወስዱት ራሱ ይከፈት። ለማሳያ የተሰቀለውን አይታችሁ የታሸገ ካርቶን ይዛችሁ አትሂዱ።

2. ከቲቪው ጀርባ ያለውን ስቲከር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የሞዴሉን ቁጥር እዚያው በአምራቹ ድረ ገጽ ፈልጉ። የሞዴሉ ቁጥር ጨርሶ ካልተገኘ፣ ወይም ድረ ገጹ ላይ ያለው ጥራት ካርቶኑ ላይ ካለው ካነሰ፣ ተዉት።

3. የስቲከሩና የካርቶኑ ተከታታይ ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

4. ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስሎችን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። በእያንዳንዱ ላይ ስክሪኑን ከጥግ እስከ ጥግ ተመልከቱ። ነጩ ላይ የሞተ ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ ከጥግ የሚያፈስ ብርሃን ፈልጉ።

5. ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። በኤችዲኤምአይ ሰክታችሁ ጥራቱን 3840 በ2160 አድርጉና በጣም ትንሽ ፊደል ክፈቱ። እውነተኛ 4ኬ ከሆነ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል። ከተጨማለቀ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እውነት አይደለም።

6. እያንዳንዱን የኤችዲኤምአይና የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰክታችሁ ሞክሩ። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ የሚነዝር ነገር ካለ አዳምጡ።

7. ቢያንስ 20 ደቂቃ ይብራ። አንዳንድ ችግር የሚወጣው ሲሞቅ ነው።

8. ደረሰኝና ዋስትና ተቀበሉ። ዋስትናው ላይ የሞዴሉና የተከታታይ ቁጥሩ ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ዋስትና ችግር ሲመጣ አይገኝም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሱቅ ውስጥ ባለው የቀለም ድምቀት አትማረኩ። እዚያ ያሉት ቲቪዎች ለሱቅ በተሠራ ሴቲንግ ነው የሚበሩት፤ ሁሉም ደማቅ፣ ሁሉም አንጸባራቂ ነው። የምታወዳድሩት ሁለት ቲቪ ካለ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይከፈትና «ሙቪ» ወይም «ሲኔማ» የሚለው ይመረጥ። ልዩነቱን ያን ጊዜ ታያላችሁ።

ዘመድ ከውጭ ሊልክላችሁ ከሆነ

ከመግዛቱ በፊት ስቲከሩን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። አሜሪካ ከሚሸጡት ብዙዎቹ 120 ቮልት ብቻ የሚል አለባቸው። የእኛ ሶኬት 220 ቮልት ነው። በቀጥታ ብትሰኩት ይቃጠላል፤ ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር የግድ ነው። «100–240» የሚል ከሆነ ችግር የለም። ከዱባይ የሚመጣው ለ220 ምቹ ነው፤ ሶኬቱ ግን ወፍራም ባለ ሦስት ጥርስ ስለሚሆን ጠንካራ መቀየሪያ ግዙለት። የሚወላከፍ መቀየሪያ ይሞቃል፣ ቀስ በቀስም ይቃጠላል።

ደረጃ 4፦ ማጓጓዝና ከካርቶን ማውጣት

ቲቪ ቆሞ ነው የሚሄደው። መኪና ውስጥ አጋድማችሁ ወይም እላዩ ላይ ዕቃ ጭናችሁ ከወሰዳችሁት ኮረኮንቹ ላይ ስክሪኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከካርቶኑ ሲወጣ ሁለት ሰው ይያዘው፤ እጃችሁ ጠርዙን እንጂ የስክሪኑን ፊት አይጫን። እግሩን ለመግጠም ማጋደም ካለባችሁ ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ። ብርድ ልብሱ ላይ ሪሞት ወይም ብሎን አለመቅረቱን በእጃችሁ ዳብሱ። ካርቶኑን ዋስትናው እስኪያልቅ አትጣሉ።

ደረጃ 5፦ መብራቱን አስተካክሉ

ይህን የሚዘል ሰው ነው ቲቪውን በሦስተኛው ወር ጥገና ቤት የሚወስደው።

ብዙዎቹ የዛሬ ቲቪዎች ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ይችላሉ። የሚገድላቸው ድንገት የሚመጣው ከፍ ያለው ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ወይም የሰፈሩ ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ሲበጠስ። ኒውትራል ከተበጠሰ ሶኬታችሁ ላይ ያለው ከ220 አልፎ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የተሰካ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

1. ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ራሱ የሚቆርጥና መብራት ሲመጣ የሚያዘገይ ስታቢላይዘር ግዙ። ማዘግየቱ «ዲሌይ» ተብሎ ፊቱ ላይ ይጻፋል። ይህ ከሌለው ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ሳጥን ነው።

2. መጠኑን ከቲቪው ስቲከር ላይ ባለው ዋት ምረጡ። ብዙ ባለ 55 ኢንች ኤልኢዲ ከ200 ዋት በታች ነው የሚስበው። ለቲቪና ለሪሲቨር 1000 ቪኤ (ቮልት አምፔር፣ የስታቢላይዘሩ አቅም መለኪያ) ከበቂ በላይ ነው።

3. ፍሪጅ እዚያው ላይ አትሰኩ። የእንጀራ ምጣድማ ጭራሽ! ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ምጣዱ በበራና በጠፋ ቁጥር የቤቱ ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ይወጣል።

4. ቲቪው፣ ሪሲቨሩና ስፒከሩ ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ። ማከፋፈያው ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት።

5. መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀሉ። ሲመለስ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ልጆችንም አስተምሩ።

6. ክረምት ላይ መብረቅ ሲጀምር የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የዲሹን ኬብልም ከሪሲቨሩ ንቀሉ። ከጣሪያው ወደ ቤት የሚገባው ብረት እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ቦታውና ግድግዳው

የስክሪኑ መሃል ከተቀመጣችሁበት የዓይናችሁ ከፍታ ጋር እኩል ይሁን። ይህ ከወለሉ አንድ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ለ55 ኢንች የታችኛው ጠርዝ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይውላል ማለት ነው። ካፌ ውስጥ እንዳለው ኮርኒሱ ሥር የምትሰቅሉት ከሆነ አንገታችሁን በአንድ ሳምንት ያማችኋል፤ ምስሉም ከስር ሲታይ ይገረጣል።

ከመሰቀሉ በፊት ግድግዳውን እወቁ። በጣታችሁ አንኳኩ።

ኮንክሪት ከሆነ ድምፁ ድፍን ነው። ፊሸርና ብሎን በደንብ ይይዛል። ብሎኬት ከሆነ መሃሉ ባዶ ነው፤ ተራው አጭር ፊሸር ባዶው ውስጥ ይሽከረከራል። ለብሎኬት የሚሆን ረጅም ፊሸር ግዙ፤ ከተቻለም ከኮለኑ ላይ ስቀሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ክፍል የሚከፍለው አግሮስቶን ወይም ጂፕሰም ከሆነ ትልቅ ቲቪ አትስቀሉበት። የጭቃ ቤት ግድግዳም እንዲሁ። ማስቀመጫ ላይ አቁሙት፤ ልጆች እንዳይጥሉት ከኋላው በገመድ እሰሩት።

የምትሰቅሉ ከሆነ፦

1. ከቲቪው ጀርባ ባሉት አራት ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩ፤ ወደ ጎንም ወደ ታችም። 200 በ200 ወይም 400 በ400 ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጥርና የቲቪውን ኪሎ ይዛችሁ የግድግዳ መስቀያ ብራኬት ግዙ።

2. ለመሰርሰር ያሰባችሁበት መስመር ከሶኬት ወይም ከማብሪያ ቀጥታ በላይ ወይም በታች ከሆነ ቦታውን ቀይሩ። የመብራት ሽቦ በዚያ ነው የሚያልፈው። ባልቦላውን አጥፉ፤ ድሪሉን ከሌላ መስመር ወይም በባትሪ ተጠቀሙ።

3. በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ምልክት አድርጉ። በዓይን ብቻ አትመኑ።

4. ብራኬቱን ካሰራችሁ በኋላ ቲቪውን ከመስቀላችሁ በፊት በሁለት እጃችሁ ተንጠልጥላችሁ ሳቡት። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ አትስቀሉ።

5. የቲቪው ጀርባ ላይ የሚገባው ብሎን በግድ አይጠበቅ። ረጅም ከሆነ ገብቶ ስክሪኑን ከውስጥ ይሰብረዋል። በካቻቪቴ ሲያዝ እዚያው አቁሙ።

6. ገመዶቹን ከመስቀላችሁ በፊት ሰኩ። ከተሰቀለ በኋላ እጅ አይገባም።

ደረጃ 7፦ ገመዱና ሪሲቨሩ

የአክስቴ ችግር እዚህ ነበር፤ የብዙ ሰው ችግርም እዚሁ ነው።

ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ የሚያሳልፈው ምስል ቢበዛ 720 በ576 ነጥብ ነው። 4ኬ ቲቪ 8 ሚሊዮን ከ300 ሺህ ገደማ ነጥብ አለው። ሒሳቡን ብትሠሩት ገመዱ የሚያደርሰው ከ20 እጁን አንዱን ነው። የቀረውን ቲቪው ራሱ እየገመተ ይሞላዋል። ደብዛዛ የሚያደርገው ይህ ነው።

1. ሪሲቨሩ ኤችዲ መሆኑን እዩ። ከኋላው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ከሌለው ምንም ብታደርጉ ኤችዲ አታዩም። ቀይሩት።

2. ሁለቱንም አጥፍታችሁ በኤችዲኤምአይ አገናኙ። የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደሰካችሁ አስታውሱ፤ 1፣ 2 ወይስ 3።

3. ባለ ሦስት ቀለሙን ገመድ ጨርሳችሁ ንቀሉ። ሁለቱም ከተሰኩ አንድ ሰው በሪሞት ወደ አሮጌው መልሶት ማንም ሳያውቅ ለወራት ሊታይ ይችላል።

4. በቲቪው ሪሞት «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» ተጫኑና ያንን ቁጥር ምረጡ።

5. አሁን በሪሲቨሩ ሪሞት ወደ ሜኑ ግቡ። የምስል ወይም የቪዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ጥራት የሚለውን ፈልጉ። 576 ላይ ከሆነ ወደ 1080 ለውጡት። ገመዱን ቀይረው ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

6. እዚያው የምስሉን ቅርጽ 16፡9 አድርጉ። 4፡3 ከሆነ የሰው ሁሉ ቅርጽ ሊዛባ ይችላል።

7. ቲቪው ላይ ደግሞ የስክሪን መጠን ውስጥ «ጀስት ስካን»፣ «ስክሪን ፊት» ወይም «ኦሪጅናል» የሚለውን ምረጡ። ያለዚያ ቲቪው ጠርዙን ቆርጦ ያጎላዋል። ከስር የሚሮጠው ጽሑፍ ግማሹ ተቆርጦ ከታያችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው።

8. ቻናል ፈልጉ። ከስሙ አጠገብ «ኤችዲ» የሚል ካለ እሱን ከፊት አስቀምጡ። አንድ ቻናል በሁለት ዓይነት ሊኖር ይችላል።

ጣቢያው ራሱ በተራ ጥራት የሚያስተላልፍ ከሆነ ኤችዲኤምአይ ኤችዲ አያደርገውም። ንጹህ ያደርገዋል፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ዲሹ

ተራው ቻናል እየሠራ ኤችዲው የሚቆራረጥ ከሆነ ቲቪውን ሳይሆን ዲሹን ጠርጥሩ። ኤችዲ ቻናል ከተራው የበለጠ ንጹህ ሲግናል ነው የሚፈልገው።

ቻናሎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ 57 ዲግሪ ሲዛወሩ ብዙ ቤት ዲሹ በጥድፊያ ነው የዞረው። ከአዲስ አበባ ናይልሳት ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 36 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። 57 ዲግሪው ግን ወደ ምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለ፣ በስልክ ኮምፓስ 115 አካባቢ፣ ከፍታውም 66 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ዲሹ በደንብ ቀና ማለት አለበት። የጎረቤት ዛፍ ወይም አዲስ ፎቅ በዚያ መስመር ላይ ከቆመ ሌላ ቦታ ትከሉት።

1. ሪሲቨሩ ውስጥ የሲግናል ገጹን ክፈቱ። ሁለት መስመር ታያላችሁ፤ ጥንካሬና ጥራት። መመልከት ያለባችሁ ጥራቱን ነው። ጥንካሬው ዲሹ ወደ ባዶ ሰማይ ዞሮም ሊሞላ ይችላል።

2. አንድ ሰው ቲቪው ጋ ሆኖ በስልክ ቁጥሩን ይንገራችሁ። ዲሹን በጣት ስፋት ብቻ አንቀሳቅሱ፤ ቁሙ፣ ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ሪሲቨሩ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል።

3. ጥራቱ ከፍተኛው ላይ ሲደርስ ኤልኤንቢውን፣ ማለትም ዲሹ ፊት ላይ የምትቆመውን ትንሿን ራስ፣ በቦታዋ በትንሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አሽከርክሩ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ጥራት ይገኛል፤ የዲሽ ሠራተኞች ሲቸኩሉ የሚዘሉት ይህንን ነው።

4. ዳዶዎቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ። አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻ ካጠበቃችሁ ዲሹ ይዞራል።

5. የኬብሉን ጫፍ ፈትሹ። ከውጭ ካለው የሽቦ መረብ አንዲት ክር መሃለኛውን ሽቦ ከነካች ኤልኤንቢው መብራት አያገኝም። መሃለኛው ሽቦ ከአፉ በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይውጣ።

ጣሪያ ላይ የምትወጡት ቆርቆሮው ሲደርቅ ነው። ዝናብ ከዘነበ ቻናሉ አንድ ቀን ይቅር።

ደረጃ 9፦ የምስል ሴቲንግ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ «ለቤት ወይስ ለሱቅ?» ይላችኋል። ለቤት በሉ። በስህተት የሱቁን ከመረጣችሁ በየጥቂት ደቂቃው ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሴቲንጋችሁንም ይመልሰዋል።

ከዚያ ፒክቸር ሞዱን «ሙቪ»፣ «ሲኔማ» ወይም «ፊልም ሜከር» አድርጉ። መጀመሪያ ቢጫ መስሎ ይታያችኋል። ሁለት ቀን ታገሡት። ዓይናችሁ የለመደው የሱቁን ሰማያዊ ብርሃን ነው። የሰው ቆዳ የሰው ቆዳ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው።

ሻርፕነሱን፣ ማለትም የምስሉን ጠርዝ የሚያሾለውን፣ ወደ ታች አውርዱ። ፊደልና የሰው ፊት ዙሪያ ነጭ መስመር ካያችሁ ገና ብዙ ነው። ባክላይቱን (የጀርባውን መብራት) ለቀን ከፍ፣ ለማታ ዝቅ አድርጉ። ኃይል ቆጣቢ የሚለውን አጥፉ፤ ምስሉን ሳያስፈቅድ ያጨልመዋል። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰው ሴቲንግ ለኳስ ትንሽ ቢሆን ይጠቅማል፣ ለፊልም ግን አጥፉት። ለተራ የዲሽ ቻናል የምስል ጫጫታ መቀነሻውን መካከለኛ ላይ አድርጉ።

ይህን ሁሉ ሪሲቨሩ የተሰካበት ቀዳዳ ላይ ሆናችሁ አድርጉ። ብዙ ቲቪዎች ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የየራሱን ሴቲንግ ነው የሚይዙት።

ደረጃ 10፦ ኢንተርኔት

ኔትፍሊክስ ለ1080ፒ በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት፣ ለ4ኬ 15 ሜጋ ቢት ይመክራል። በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ባይት በኤችዲ፣ እስከ 7 ጊጋ ባይት በ4ኬ ይበላል። በስልክ ዳታ ሆትስፖት ከፍታችሁ የምታዩ ከሆነ ጥራቱን ራሳችሁ ወስኑለት፤ ካልሆነ ጥቅሉ በአንድ ፊልም ያልቃል። ራውተሩ ቅርብ ከሆነ በላን ኬብል (በኢንተርኔት ገመድ) ሰኩ። በዋይፋይ ከሆነና ራውተሩ እዚያው ክፍል ውስጥ ካለ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚለውን ምረጡ። በግድግዳ ከተለያዩ 2.4 ይሻላል።

አንድ ነገር እምቢ ሲል

«ሲግናል የለም» ካለ፦ መጀመሪያ ሶርሱን እዩ። ትክክል ከሆነ የኤችዲኤምአይ ገመዱን በሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ መልሱ፤ ቀጥሎ ሌላ ቀዳዳ፤ ቀጥሎ ሌላ ገመድ። በዚህ ቅደም ተከተል።

የሪሲቨሩን ጥራት ቀይራችሁ ስክሪኑ ከጠፋ፦ አትደንግጡ። ብዙ ሪሲቨሮች ካልተረጋገጠላቸው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳሉ። ካልተመለሰ ባለ ሦስት ቀለሙን ገመድ ለጊዜው ሰክታችሁ በእሱ እያያችሁ ጥራቱን ዝቅ አድርጉ፤ ከዚያ ገመዱን ንቀሉ።

ድምፅ ኖሮ ምስል ከሌለ፦ ክፍሉን አጨልሙና ስክሪኑ ላይ በሰያፍ የስልክ መብራት አብሩ። ምስሉ በጣም ደብዝዞ ከታየ የጀርባው መብራት ሄዷል። ራሳችሁ አትክፈቱት። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚቆይ ኃይል አለ። ደረሰኙንና ዋስትናውን ይዛችሁ ወደ ሻጩ ሂዱ።

ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ፦ ሪሲቨሩ ውስጥ የድምፁን አወጣጥ ወደ «ፒሲኤም»፣ ማለትም ወደ ተራው የድምፅ ዓይነት ቀይሩ። ቲቪው የማይረዳው የድምፅ ዓይነት እየተላከለት ሊሆን ይችላል።

ማታ ማታ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ፦ ኢንተርኔት ከሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ሰዓት ነው፤ ጥራቱን ወደ 720 አውርዱ። ዲሽ ከሆነ ግን ኤልኤንቢው ብርድ ሲነካው የሚቀበለው ሞገድ የሚንሸራተትበት ሊሆን ይችላል። የሲግናል ጥራቱን ቁጥር አንድ ጊዜ ቀን፣ አንድ ጊዜ ማታ ጻፉ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ከዲሹ በፊት ኤልኤንቢውን ቀይሩ፤ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው።